እስቲ አሳዪኝ

በእኛ ግቢ መስከረም 1 ድርብ በዓል ነው። ለአገሩ ሁሉ እንቁጣጣሽ፣ ለእኛ ለራጉኤል ጀርባ ሰዎች ደግሞ የደጃችን የቅዱስ ራጉኤል ዓመታዊ ክብረ በዓል። ጠዋት ነጠላችንን አጣፍተን ቤተ ክርስቲያን ስመን እንመለሳለን፤ ቄጤማው ይጎዘጎዛል፤ ዶሮው ይወጣል፤ በአንዋር መስጊድ በኩል ያሉት ጎረቤታችን ሐጂ ለቡናው ይደርሳሉ። ከዚያ አንዱ «ካሜራው የታለ?» ይላል። ካሜራው ይመጣል። ይበራል። ይሞታል።

ካሜራው የእኔ ነው። ማለቴ የግቢው ነው፤ ሲበላሽ ግን የእኔ ነው። ዋሽንግተን ያለችው አክስቴ በሰው ሻንጣ፣ በቫይታሚን ጠርሙስና በካልሲ መሀል ቀብራ ነው የላከችው። «ብዙም አልሠራሁበትም» ብላለች፤ እኛ ሰፈር ብዙ ያልተሠራበት ዕቃ አዲስ ነው፣ አዲስ ዕቃ ደግሞ የሁሉም ነው። ሊያየው ያልመጣ የለም። መርካቶ ያደገ ሰው ዕቃ ሲሰጡት ከፊት አያየውም፤ ገልብጦ ከሥር ነው የሚያየው። አንዱ ገለበጠና «ኦሪጅናል ነው?» አለ። ሁለተኛው በመዳፉ መዘነና «ይከብዳል፤ ኦሪጅናል ነው» አለ። ሦስተኛው ዓይኑን አጥብቦ አነበበና «ቻይና ነው የተሠራው የሚለው» አለ። የግቢው ፊት ጠቆረ። በመጨረሻ ያረጋጉን ሐጂ ናቸው፤ «ቻይና የተሠራ የጃፓን ዕቃ ምንም አይልም፤ ጃፓን የተሠራ የቻይና ዕቃ ነው የሚያስፈራው» አሉ። ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያን ቀን ግን ሁላችንም እፎይ አልን።

ብዙ ሳይቆይ ስም ወጣለት፤ «ባትሪ ይበላል» ተባለ። እንዴት እንደሚበላ ግን ቁጭ ብሎ የታዘበ አልነበረም። እኔ አምና እንቁጣጣሽ ዕለት ታዘብኩ።

አንድ ፎቶ አነሳሁ። እጄን ሳላወርድ ከጎናችን ያሉት እትዬ «እስቲ አሳዪኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። መነጽራቸው የለም። ግቢው ሁሉ መነጽር ፍለጋ ተሰማራ፤ ካሜራው እንደበራ ይጠብቃል። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ተገኘ። አዩ። «እኔ የታለሁ?» አሉ፤ አሳየናቸው። «ይሄ እኔ ነኝ? ምነው እንዲህ ከሳሁ!» አሉና ለምራታቸው አቀበሉ። ምራትየዋ የራሷን ፊት ብቻ አጉልታ አየች፤ ፎቶው ውስጥ ሌላ ሰው መኖሩን ልብ ማለቷን እንጃ። «ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ ድገሚው» አለች። ልጇ ከእጇ ነጠቀና ወደኋላ እየገፋ የፋሲካውን፣ የጥምቀቱን፣ አክስቴ ሳታጠፋው የላከችውን ያንዲት አሜሪካዊት ድመት ፎቶ ሁሉ ለዕድሜ እኩዮቹ አስተዋወቀ። ካሜራው ተዘዋውሮ እጄ ሲገባ ቀይ መብራት እያርገበገበ ነበር። የተነሳው ፎቶ አራት፤ ሲኒማ ራስ ሆኖ የዋለው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ።

ጃፓኖቹ ካሜራ ሠሪዎች እኮ ይህን አላሰቡም። ሲፓ በሚባለው ማኅበራቸው በኩል ባትሪ የሚለኩበት ደንብ አላቸው፤ በየ30 ሰከንዱ አንድ ፎቶ፣ በየሁለት ፎቶው አንዴ ፍላሽ፣ በየ10 ፎቶው ማጥፋትና እንደገና ማብራት። በመመሪያው ላይ «ይህን ያህል መቶ ፎቶ ያነሳል» ተብሎ የምናነበው ቁጥር ከዚህ ልኬት የተገኘ ነው። በደንቡ ውስጥ እትዬ የሉም። መነጽራቸውም የለም። ባትሪውን ከሁሉ በላይ የሚጨርሱት ስክሪኑና ፍላሹ መሆናቸውን ብናውቅም ኖሮ ለውጥ አናመጣም ነበር፤ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት በእኩለ ቀን እንኳ ፍላሹ ካልበራ «አልተነሳሁም» የሚሉ ሰዎች ነን።

ድሮ ይህ ሁሉ የት ነበር? ባለ 36 ፊልሙን በጥምቀት ጀምሮ ፋሲካ የሚያደርስ ቤተሰብ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ አርመኑ ቤድሮስ ቦያጂያን ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰው ነገሥታትን አንስተዋል። መኳንንቱ ጎራዴ ታጥቀው፣ ካባ ደርበው፣ እስትንፋሳቸውን ውጠው ይቆማሉ። «እስቲ አሳየኝ» ብሎ ነገር የለም፤ ፎቶው ያረፈበት መስተዋት ጨለማ ክፍል ገብቶ ካልወጣ ምኑ ይታያል? ይህን መዘዝ ያመጣብን ስቲቭ ሳሶን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮዳክ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ክብደቱ ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል፤ አንዷን ፎቶ ካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ የሚሠራውም በ16 ባትሪ ነው። አሥራ ስድስት! ሰውየው ገና ከጅምሩ እትዬን አስቧቸዋል።

የመጀመሪያውን ሕክምና ያዘዙት ሐጂ ናቸው። ሐጂ በወጣትነታቸው ሬዲዮ ነግደዋል፤ ስለ ድንጋይ የሚያስተምራቸው የለም። ድንጋይ ስል የሬዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋይ ማለቴ ነው፤ የዛሬ ልጆች ድንጋይ ሲባሉ የሚወረወረው ነው የሚታያቸው። ያኔ የደከመ ድንጋይ ይነከስ ነበር። ከተነከሰ በኋላ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይውልና ማታ የምሽቱን ዜና እስከ ስፖርቱ ያደርሳል። ይህ ደግሞ ተረት አይደለም፤ የድሮው ድንጋይ የዚንክና የካርቦን ስለነበር ሙቀት ሲያገኝ በውስጡ ያለው ኬሚካል ለጥቂት ጊዜ ይነቃቃል። የካሜራው ባትሪ ግን ሊቲየም ነው፤ ሊቲየምና ፀሐይ አማትና ምራት ናቸው። ሐጂ ይህን አልተቀበሉም፤ «ባትሪ ባትሪ ነው» አሉ። በጥቅምት ፀሐይ ጣሪያው ላይ፣ ከእትዬ በርበሬ ጎን ተሰጣ።

በሦስተኛው ቀን ሆዱ ተነፍቶ ካሜራው ውስጥ አልገባም አለ። ገሚሱ «ይጫን» አለ፤ ገሚሱ «በመርፌ ወጋ አድርገን እናስተንፍሰው» አለ። እኔ ራሴ መርፌ ፍለጋ ጓዳ ገብቻለሁ፣ አልዋሽም። ደግነቱ የምራትየዋ ባል ከሥራ ገባና «ያበጠ ባትሪ ከተበሳ በእሳት ነው የሚመልስላችሁ!» ብሎ ጮኸብን። ሐጂ ባትሪውን በሁለት ጣታቸው አንስተው አገላብጠው አዩት። «እኔ ይሙቅ አልኩ እንጂ ያርግዝ አልኩ?» አሉ።

ካሜራው ሁለት ወር ያለ ባትሪ ከረመ። ገና ሲቃረብ ባትሪ ልገዛ ወጣሁ፤ በራጉኤል ዙሪያ ካሉት ፎቆች ያልወጣሁት ደረጃ የለም። አንዱ ሱቅ ውስጥ ያለ ልጅ «እናቴ፣ ኦሪጅናል አለ፤ ኮፒ አለ፤ የኦሪጅናሉ ኮፒ አለ» አለኝ።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ዋጋው።»

ደረደረልኝ። በፀሐይ የገደልነው ባትሪ ላይ 630 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚል ተጽፎ ነበር። ኦሪጅናሉም 630 ይላል። ኮፒው 1800። ከሁሉ የሚረክሰው፣ እላዩ ላይ መብረቅ የተሳለበት፣ 3000። ምስጢሩ ገባኝ፤ መርካቶ ውስጥ ዋጋ በቀነሰ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል። ሦስቱም የክብሪት ቀፎ ነው የሚያክሉት፤ በአንዲት የክብሪት ቀፎ ውስጥ አምስት እጥፍ ጉልበት ከየት መጥቶ እንደተጠቀጠቀ ለመጠየቅ የትምህርት ደረጃዬ ይፈቅድልኝ ነበር። አልጠየቅሁም። የባለ 3000ውን ዋጋ በግማሽ ሰበርኩና እንቢ ሲል ወጣሁ፤ ሦስት ሱቅ እስካልፍ ዞር አላልኩም፤ በአራተኛው «እናቴ፣ ነይ ውሰጂው!» ብሎ ጠራኝ። የድል አድራጊ አረማመድ እየተራመድኩ ቤቴ ገባሁ። በገና ዋዜማ ቻርጅ ላይ አደረ፤ መብራቱ እንኳ ያን ሌሊት አልሄደም፤ ሰበብ እንዳላገኝ ይሆናል። ጠዋት እትዬ እየተቀረጹ «እንኳን አደረሳችሁ» ሊሉ ጀመሩ። «እንኳን» ላይ ጠፋ።

የባትሪው ጣጣ ሳያልቅ የፎከሱ መጣ። ሰው ሁሉ ብዥ ይላል። ደግሞ ሁሉም ነገር ብዥ ቢል በታገስነው። ከኋላችን ያለው የቆርቆሮ አጥር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሽንሽኑ ይቆጠራል፤ ምስማሩ ከነዝገቱ አለ። ከፊት የቆመው ዘመድ አዝማድ ጭጋግ ነው። ከጥምቀት ፎቶዎች አንዱን ለአክስቴ ላክሁላት። «ደርሶኛል፤ ቆርቆሮ መሸጥ ጀመራችሁ እንዴ?» ብላ መለሰችልኝ።

የምርመራ ውጤቱ እንደየሰው ነበር። ምራትየዋ «ሲያረጅ መነጽር ይፈልጋል» አለች። የምራትየዋ ባል «ሶፍትዌሩ ነው» አለ፤ ሶፍትዌር ማለት በእኛ ግቢ ያልታወቀ በሽታ ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው። ሐጂ «ድንጋዩ ነው» አሉ። እትዬ ግን ከተናጋሪዎቹ ሁሉ ተለይተው ተነሱና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው፣ «ፎከሱ ከተስተካከለ ለራጉኤል ጃንጥላ አስገባለሁ» ብለው ተሳሉ። ጃንጥላ ለልጅ ጤና ይሳላል፣ ለውጭ ጉዞ ይሳላል። ለፎከስ የተሳለ እኔ አላየሁም።

እኔ ግን ስለቱ እስኪደርስ አላስቻለኝም፤ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ከአንዱ ፎቅ ደረጃ ሥር የተቀመጠ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራትና አንድ መቶ ብሎን ያለው ወጣት ነው።

«ማዘር፣ ምን ሆነ?» አለኝ።

ማዘር! ካሜራውን ይዤ እዚያው ልመለስ ነበር። ዋጥ አድርጌ «ባትሪ ይበላል፤ ፎከስ አያደርግም» አልኩት። ይፈታዋል ብዬ ብጠብቅ መፍቻ እንኳ አላነሳም። ካሜራውን መልሶ ሰጠኝና «አንሺኝና እስቲ አሳዪኝ» አለ።

አነጣጠርኩ፤ ቁንጫ እንደሚገድል ሰው ቁልፉን ደፈጠጥኩት።

«ሁሌም እንዲህ ነው የምትጫኚው?»

«ታዲያ ስንቴ ሊጫኑት ነው?»

ተቀበለኝና ጣቱን በቀስታ አሳረፈ፤ ቁልፉ ግማሽ ድረስ ወርዶ ቆመ፤ ጢት ጢት አለ፤ ስክሪኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ ሳጥን በራች። ከዚያ ነው እስከ ታች የጨረሰው። ካሜራው የሚያየውን መርጦ «ይዤዋለሁ» የሚለው በዚያች ግማሽ ላይ ነው። እኔ ሳልጠይቀው ነበር ለካ የማስፈርመው። ግን እስቲ ፍረዱኝ፤ ግማሽ ማለትን የት ልማረው? እዚህ ሰፈር ጥሩምባ ሙሉ ነው የሚነፋው፤ በር ሙሉ ነው የሚደበደበው፤ ስልክ የምናወራው የወዲያኛው ሰው ያለ ስልክም እንዲሰማን አድርገን ነው።

ልጁ ቀጠለ። ካሜራው ዓይን የለውም፤ ጠርዝ ነው የሚፈልገው አለኝ፤ ጨለማና ብርሃን የሚዋሰኑበትን መስመር። ያንን ካገኘ ይይዛል፤ ካጣ ጭጋግ ውስጥ እንደገባ ሾፌር ወዲያ ወዲህ ይላል። የበዓል ፎቶዎቻችንን አሰብኩ። ሁላችን ከራስ እስከ እግር ነጭ በነጭ፤ ነጠላ፣ ቀሚስ፣ ጋቢ። ካሜራው እኛ ላይ የሚይዘው ቢያጣ ከኋላችን ሄዶ የቆርቆሮውን ሽንሽን ጨበጠ፤ ቆርቆሮ ደግሞ ሲፈጥረው ጠርዝ ብቻ ነው።

«ምን ላድርግ ታዲያ? ጥቁር ልብሰን በዓል እናክብር?»

«ጥለቱ ላይ አነጣጥሪ» አለኝ።

ያን ሁሉ ጊዜ የፈለግነው ነገር ቀሚሳችን ላይ ተጠልፎ ነበር።

ከዚያ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ምልክት አየና «አበባዋን ማን ነካት?» አለ። አበባዋ ለካ ለቅርብ ዕቃ ናት፤ ቀለበት፣ ንብ፣ የቡና ፍሬ አፍንጫው ሥር አድርጎ ለሚያነሳ ሰው። ያበራኋት እኔ ነኝ። እንቁጣጣሽ ነዋ! ምልክቶቹን ሳገላብጥ ፀሐይ አየሁ፣ ጨረቃ አየሁ፣ የሚሮጥ ሰው አየሁ፣ አበባ አየሁ። ለአዲስ ዓመት ከአበባ ሌላ ምን ይመረጣል? ለልጁ ግን «ልጆች ይሆናሉ» አልኩት።

ሌንሱን እፍ ብሎ በለስላሳ ጨርቅ ጠረገው፤ የአውራ ጣቴ አሻራ ከነቅቤው ነበረበት። ኋላ የገዛሁለትን ደህና ባትሪ አወጣና፣ ከካሜራው ጋር የሚገናኝባቸውን የነሐስ ጥርሶች በላጲስ ፈተግ ፈተግ አደረጋቸው፤ ሐጂ ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር፣ ከመንከስ ብዙም አይርቅም። ለሁለት ደቂቃ አበራ፣ አጠፋ፣ አነሳ።

«ካሜራው ጤነኛ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ማነው በሽተኛው?»

በጨዋነት ዝም አለ።

በቃ ተነሳሁ ስል፣ ስክሪኑን ወደ መብራቱ አዘነበለና በጥፍሩ ጠርዙን ጫር አደረገው። ከዚያ ቀስ አድርጎ ላጠው። ቆዳዬን የገፈፈው ያህል ጮህኩ። ላስቲኩ ነው! አዲስ ዕቃ ላይ የሚለጠፈው ላስቲክ። አክስቴ አላነሳችውም፤ እኔም አላነሳሁትም፤ በእኛ ቤት ላስቲክ አይነሳም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ላስቲክ ለብሶ አርጅቷል፤ የፍሪጁ በር ላይ ያለው በራሱ ጊዜ ተቦጫጭቆ ነው ያለቀው፤ የሶፋውን ላስቲክ ከላብ ጋር ሆኖ እንግዳ ሲነሳ አብሮ እስኪነሳ ድረስ ጠብቀነዋል። የካሜራውም በቅባት፣ በአቧራና በጣት ብዛት ወተት መስሎ ነበር። ልጁ ከጥምቀት የቀሩትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አሳየኝ። ገሚሶቹ፣ እውነት ነው፣ የቆርቆሮ ናቸው። ገሚሶቹ ግን ጥርት ያሉ ነበሩ። ብዥ ይል የነበረው ፎቶው አይደለም፤ ማያችን ነው።

«ያጠፋኋቸውስ?» አልኩት።

«ስንት ይሆናሉ?»

አልነገርኩትም። ለእናንተም አልነግራችሁም።

እትዬ የምሥራቹን ሲሰሙ በሳምንቱ ጃንጥላቸውን አስገቡ። «ያስተካከለው እኮ ጠጋኙ ልጅ ነው» ብላቸው «ጠጋኙን ማን አሳየሽ?» አሉኝ። ደረጃ ሥር መብራቱን አይቼ ነው ልላቸው ብዬ ተውኩት።

ዘንድሮ መስከረም 1 ተዘጋጅቼ ጠበቅሁ። ባትሪው ኦሪጅናል ነው፤ ደረሰኝ አለው፤ ደረሰኙ ኦሪጅናል መሆኑን አላጣራሁም። አበባዋ ጠፍታለች። ሌንሱ ተጠርጓል። ሁሉንም ከቆርቆሮው አርቄ አቆምኳቸውና አዋጅ ተናገርኩ፦ «በዓሉ እስኪያልቅ ከእኔ እጅ አይወጣም። አሳዪኝ የሚል ሰው ከፎቶው ይወጣል!» የእትዬ ጥለት ላይ አነጣጠርኩ። ግማሽ ጫንኩ። ጢት ጢት አለ። ጨረስኩት።

ማንም ምንም አላለም። ተቀመጡ። ዝም ብለው ያዩኛል። ቡናው ይቆላል፤ የሚሰማው የመቁያው ድምፅ ብቻ ነው። እኔም ቻልኩት። አንድ ደቂቃ ቻልኩት። ከዚያ «ስኳር ላምጣ» ብዬ ጓዳ ገባሁና በሩን ገፋ አድርጌ ከፈትኩት። አየሁት። እኔ ፎቶው ውስጥ የለሁበትም፤ ቢሆንም አጎላሁት። ወደ ግራ ሄድኩ፣ ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ የእትዬን ጥለት ክር በክር ቆጠርኩ። ዞር ስል ስምንት ራስ ከኋላዬ ቆሟል።

«እስቲ አሳዪን!»

እጅ ለእጅ ሄደ። የእትዬ መነጽር ይፈለግ ተባለ። በመጨረሻ ሐጂ ጋ ደረሰ፤ እሳቸው እንደ ወጉ ሰዉን ሳይሆን ጥጉን ነው ያዩት። ከታች በቀኝ በኩል፣ እስካሁን ላስቲኩ ጋርዶት ያላየነው ቢጫ ጽሑፍ አለ፤ 01/01/2008 ይላል። ባትሪውን ለበዓሉ ብዬ አውጥቼ ባስቀመጥኩበት ክረምት ካሜራው ቀኑን ረስቶ፣ ጠዋት ስመልስለት ከአንድ ጀምሮ ነበር። ሁላችንም ደነገጥን።

ሐጂ አልደነገጡም። «ቀኑ አንድ፣ ወሩ አንድ፤ መስከረም 1 ነው፣ አልተሳሳተም» አሉና ካሜራውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። «ዓመቱን ነው ትንሽ የሳተው። እሱም ድንጋዩ ደክሞት ነው፤ እስቲ ለአንድ ቀን ፀሐይ ላይ…»